ድምፃዊው ሲለወጥ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የደረሱን ጥያቄዎች በአብዛኛው በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው፦ የብላክ ሜታል (ጩኸት የበዛበት ጽንፈኛ የሮክ ዘርፍ) ባንድ ድምፃዊ ቀይሮ አልበም ሲያወጣ ምን ይለወጣል? ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የሜይሄምን የ1994 አልበም ሰማሁ። ጓደኞቼ «እውነተኛው ድምፃዊ ዴድ ነበር፣ ይሄኛው ምትክ ነው» ይሉኛል። እኔ ግን ልዩነቱ አልገባኝም። ከየት ልጀምር? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በቅድሚያ ማን ማን እንደሆነ እንለይ። ሜይሄም በ1984 ኖርዌይ ውስጥ የተመሠረተ ባንድ ነው። ስዊድናዊው ዴድ በ1988 ገባ፣ በኤፕሪል 1991 ራሱን አጠፋ። መሥራቹ ጊታሪስት ዩሮኒመስ ደግሞ በኦገስት 1993 ተገደለ። «ዴ ሚስቴሪስ ዶም ሳታናስ» የወጣው በሜይ 1994 ነው። ስለዚህ አልበሙ ገበያ ላይ ሲውል አብዛኛውን ግጥም የጻፈውም፣ የጊታሩን ሥራ የመራውም ሰው በሕይወት አልነበሩም። ለድምፁ የተጠራው ቶርመንተር ከተባለው የሃንጋሪ ባንድ የመጣው አቲላ ቺሃር ነው።

ልዩነቱ እንዲገባህ አልበሙን ከዳር እስከ ዳር አትስማ። «ፍሪዚንግ ሙን» የተባለችውን አንዷን ዘፈን ያዝና በ4 ቅጂ ስማት፦ ዴድ በ1990 ስቱዲዮ የቀዳት፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር 26 ላይፕዚግ መድረክ ላይ የተቀዳችው (በ1993 «ላይቭ ኢን ላይፕዚግ» ተብሎ ወጥቷል)፣ የአቲላ የ1994ቱ፣ ከዚያም በ1999 በወጣው የሚላን መድረክ ቅጂ ላይ ሌላው የባንዱ ድምፃዊ ማኒያክ የሚጮኻት። ቅጂዎቹ እኩል አይጮኹም። ጆሮ ደግሞ ጮክ ያለውን «የተሻለ ነው» ብሎ ይሸወዳል። ስለዚህ ከመፍረድህ በፊት የስኔር ድራሙ (ሹል ድምፅ ያለው ከበሮ) ጥንካሬ በአራቱም እኩል እስኪመስልህ ድረስ ድምፁን ከፍና ዝቅ አድርገህ አስተካክል።

አሁን ዘገምተኛው መግቢያ አልቆ ድምፃዊው የሚገባበትን ቦታ ጠብቅ። ዴድ ከጊታሩ በላይ ነው የሚወጣው። ድምፁ ስንጥቅ ያለ ነው፣ የቃሉን መጨረሻ ሳይጎትት ይጥለዋል። አቲላ ወደ ታች ይወርዳል፤ ቃሉን ያኝከዋል፣ ያንቋርረዋል፣ አንዳንዴም ዜማ ሊያወጣ ይዳዳዋል። ማኒያክ ከሁሉም ቀጭኑና ሹሉ ነው። የጊታሩ ሪፍ (እየተደጋገመ የሚመጣው ሐረግ) በመሠረቱ አንድ ሆኖ ሳለ ዘፈኗ ሦስት ባሕርይ ታወጣለች።

«ምትክ» የሚለው ቃል ስህተት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ምትክ ማለት የሌላውን ቦታ ልክ በልኩ የሚሞላ ነው፤ አቲላ ግን ሊሞላው አልሞከረም። ድምፁ ታች ስለወረደ የላይኛው ክፍት ቦታ ለጊታሩ ተተወ። የ1994ቱ ጊታር እንዲያ ግዙፍ ሆኖ የሚሰማን በከፊል በዚህ ምክንያት ነው ብለን እናምናለን። ቀሪውን የሠራው ቦታው ነው። ቀረጻው የተካሄደው በርገን ከተማ በሚገኘው ግሪግሃለን የኮንሰርት አዳራሽ ሲሆን፣ ፒተን በሚል ስም የሚታወቀው ባለሙያ መርቶታል። የድራመሩ የሄልሃመር ምት ዙሪያውን አየር ያለው የሚመስለው ያለ ነገር አይደለም።

ክርክሩን ለመዝጋት አንድ ነገር ጨምር። ማኒያክ በ2004 ሲወጣ አቲላ ተመለሰ፣ በ2007ም «ኦርዶ አድ ካዎ» ወጣ። ድምፃዊው ያው ነው፣ ድራመሩም ያው ሄልሃመር ነው። አልበሙ ግን ከ1994ቱ ጋር ዝምድና ያለው አይመስልም፦ ጭቃ የበዛበት፣ ቤዙ የከበደ፣ ሪፉ የተጠላለፈ ነው። የለወጡት ጊታሪስቱ ብላስፌመርና ሚክሱ (የተቀዱት ድምፆች የተዋሃዱበት መንገድ) ናቸው። በዚያ ድምፅ የኖርዌይን ስፔለማን ሽልማት በሜታል ዘርፍ አሸንፏል። በስልክ ስፒከር ግን አትስማው። ትንሽ ስፒከር የታችኛውን ድምፅ ስለማያወጣ የሚተርፍህ ጉርምርምታ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ኢሞርታል «አባት» የተባለውን ድምፃዊ አጥቶ በ2018 ያወጣው አልበም የድሮውን ይመስላል። ማርዱክ በ2004 ድምፃዊ ሲቀይር ግን ሌላ ባንድ ሆነ። ለምን? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ማን እንደወጣ ብቻ ሳይሆን ማን እንደቀረ ይዩ። ኢሞርታል ውስጥ አባት የሚጮኸውን ግጥም ከመጀመሪያው ጀምሮ ይጽፍ የነበረው ዴሞናዝ ነው። በ1997 የእጁ ጅማት ተቆጥቶ ጊታር ቢያቆምም ግጥሙን አላቆመም። አባት በ2015 ሲወጣ ዴሞናዝ ጊታሩንም ማይኩንም ያዘ። ድራመሩ ሆርግም አብሮ ነበረ፤ ፕሮዲዩሰሩም ቀደም ብሎ አልበሞቻቸውን የሠራው ፒተር ቴግትግረን ነው፣ ቤዙን ሳይቀር እሱ ተጫወተው። እንግዲህ «ኖርዘርን ኬኦስ ጎድስ» ላይ በዋናነት የተለወጠው ጉሮሮው ነው። ዴሞናዝ ደግሞ የአባትን እንቁራሪትማ ድምፅ ለማስመሰል አልደከመም፤ ደረቅ ባለ አንድ ወጥ ጩኸት ሄደበት። በእኛ አስተያየት ጠባብ ድምፅ ነው፣ ግን ፈጣን ሪፍ ላይ አይንሸራተትም።

ማርዱክ ላይ የሆነው ተቃራኒው ነው። ሌጅን በ2003 ወጣ። በምትኩ ከፊውነራል ሚስት የመጣው ሞርቱስ ገባ፣ በዚያው ሰሞን ቤዚስቱም ተቀየረና ዴቮ መጣ። «ፕሌግ ኤንጅል» የተቀዳው በዚሁ በዴቮ ስቱዲዮ ነው። ድምፃዊ፣ ቤዝና ስቱዲዮ አንድ ላይ ሲለወጡ ጊታሪስቱ ሞርጋን ብቻውን የድሮውን ድምፅ ሊያስጠብቅ አይችልም። በአጨዋወትም ልዩነት አለ። ሌጅን ቃሉን እንደ መትረየስ ከድራሙ ጋር እኩል ይተኩሰዋል፤ በ1999ኙ «ፓንዘር ዲቪዥን ማርዱክ» ያ ጠባይ ጣሪያ ነክቷል። ሞርቱስ ቃሉን ይጎትታል፣ ይቀድደዋል፣ ከምቱ ኋላ ይቀራል። እንዲህ ላለ ድምፃዊ ዘገምተኛ ቦታ ያስፈልገዋል። በ2007 የወጣው «ሮሜ 5፥12» (አዎ፣ የመጽሐፍ ቅዱሱን ጥቅስ ነው የጠሩት) ረጋ ያሉ ዘፈኖች የበዙበት ለዚህ ይመስለናል። ሞርቱስ ለባንዱ ምን እንደጨመረ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከ«ፕሌግ ኤንጅል» ይልቅ ከእሱ ይጀምር።

ጥያቄ፦ ባንዱ ለሁለት ሲከፈል ስሙ የማን ነው፣ የድምፃዊው ወይስ የመሥራቹ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ጎርጎሮት በተባለው የኖርዌይ ባንድ ጉዳይ የመሥራቹ ሆኗል። በ2007 ድምፃዊው ጋልና ቤዚስቱ ኪንግ መሥራቹን ኢንፈርነስን አባረናል አሉ። በማርች 2009 የኦስሎ ፍርድ ቤት ኢንፈርነስ በራሱ ፈቃድ ካልወጣ በቀር ከባንዱ ሊባረር እንደማይችል ወሰነ። እነ ጋል በሌላ ስም ቀጠሉ፤ ኢንፈርነስ ደግሞ የድሮውን ድምፃዊ ፔስትን መልሶ በዚያው ዓመት አልበም አወጣ። ለእናንተ የሚሆነው ምክር አጭር ነው፦ ስሙ የማን እንደሆነ፣ የወጣ ሰው በቀደመው ቅጂ ላይ ያለው ድርሻ ስንት እንደሆነ፣ ግጥም የጻፈው ማን እንደሆነ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ፈርሙበት። ይህን ገና ስትዋደዱ ነው ማድረግ።

ጥያቄ፦ አራት ነን። ድምፃዊያችን ወጣና ድምፁ ወፍራም የሆነ ልጅ ተካነው። ቤት ውስጥ ስንቀዳ ድምፁ ጊታሩ ውስጥ ይሰጥማል። ቮሊዩሙን ብንጨምርም ያው ነው። ሴቲንጉን አልነካነውም፣ ለድሮው ልጅ በጣም ይሠራ ነበር። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ችግሩ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገራችሁ ላይ ነው። ለቀጭን ጩኸት የተሠራ ኢኪው (የድምፁን ቀጭንና ወፍራም ክፍል ለየብቻ የሚያስተካክለው) 3 ኪሎኸርዝ አካባቢ ያነሣል። ወፍራሙ ልጅ እዚያ ብዙ ድምፅ ስለሌለው የምታነሡት ትንፋሹንና ምራቁን ብቻ ነው። የእሱ ጉልበት ያለው ከ150 እስከ 500 ኸርዝ ባለው ውስጥ ነው፤ እሱም የቤዙና የጊታሩ ሆድ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ቮሊዩም ስትጨምሩ ግጭቱን ነው የምትጨምሩት።

ከቀረጻው ጀምሩ። ውድ ማይክ አያስፈልግም፣ እንደ ሹር ኤስኤም 58 ያለ ዳይናሚክ ይበቃል። ከአፉ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። የማይኩን ጭንቅላት በእጁ አይጨብጥ። መድረክ ላይ የሚያምረው ያ አያያዝ የማይኩን የኋላ ቀዳዳዎች ይደፍናል፤ ያኔ ማይኩ ከየአቅጣጫው ይሰማል፣ ድምፁም አፍንጫ አፍንጫ ይላል። ቁም ሳጥን ከፍታችሁ ፊቱን ወደ ልብሱ ያዙር፣ ከጀርባው ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ስቀሉ። 24 ቢት ላይ ቅዱ፣ ትልቁ ጩኸት ከ−10 እስከ −6 ዴሲቤል ይንካ። 0 ዴሲቤልን ካለፈ ድምፁ ይቆረጣል፣ ኋላም እንደነበረ አይመለስም። መብራት መሄዱ የማይቀር ነውና ላፕቶፑ ባትሪው ሞልቶ ይጀምር፣ ከእያንዳንዱ ቅጂ በኋላም ሴቭ አድርጉ። የድምፅ ካርዱ ኃይሉን ከላፕቶፑ የሚያገኝ ዓይነት ከሆነ መብራት ሲጠፋ ሥራችሁ አይቋረጥም።

ሚክስ ላይ፦ ድምፁን ከ90 ኸርዝ በታች ቁረጡት። ጊታሮቹን ከ100 በታች ቁረጡና 350 አካባቢ 2 ወይም 3 ዴሲቤል ቀንሱላቸው። በድምፃዊው ላይ ከ1.5 እስከ 2 ኪሎኸርዝ ባለው ትንሽ አንሡ፣ ተነባቢው የሚሰማው እዚያ ነው። ኮምፕሬሰሩን (የበረታውን ድምፅ የሚጫነውን) 4 ለ 1፣ አታኩን (መጫን የሚጀምርበትን ፍጥነት) ከ5 እስከ 10 ሚሊሰከንድ አድርጉት። ጩኸቱ ሲበረታ ከ6 እስከ 8 ዴሲቤል ይጫነው። ከዚያ በኋላ ያው ስንኝ ሁለት ጊዜ ይጩኸው። ሁለተኛውን ቅጂ ከመጀመሪያው በ8 ዴሲቤል ዝቅ አድርጋችሁ ከሥሩ አስቀምጡት። ኮፒ ፔስት ግን አይሆንም፤ ጥቅሙ ያለው ሁለቱ ቅጂዎች በጥቂቱ በመለያየታቸው ነው።

ሪቨርብ (ማስተጋቢያ) ላይ ብዙ ጀማሪ ይሳሳታል። በ200 ቢፒኤም (ምት በደቂቃ) አንድ ምት 300 ሚሊሰከንድ ነው። 3 ሰከንድ የሚቆይ ሪቨርብ ስታደርጉ የአንዱ ቃል ጥላ 10 ምት ሙሉ ይከተለዋል፣ በመካከል ሌሎች ቃላት ያልፋሉ። ፈጣኑ ክፍል ላይ ወደ 1.2 ሰከንድ አውርዱት፤ ዘገምተኛው ላይ ወደ 3 መልሱት። ሪቨርቡ ከመነሣቱ በፊት 40 ሚሊሰከንድ ያህል ፕሪዲሌይ ስጡት፣ ከ300 ኸርዝ በታች ያለውንም ከሪቨርቡ ቁረጡ።

ይህ ሁሉ ሆኖ አሁንም ካልተሰማ ግጥሙን ተመልከቱ። የእኛ ባህላዊ ዘፋኝ ሲቀየር ባንዱ ኪይ ይቀይርለታል። ይሄ ጩኸት ግን የጠራ ኖታ ስለሌለው ኪይ መቀየር ትርጉም የለውም። የሚቀየረው የቃሉ ብዛት ነው። በ200 ቢፒኤም አንድ ባለ 4 ምት ባር 1.2 ሰከንድ ነው። የድሮው ልጅ እዚያ ውስጥ 12 ቀለም ያስገባ ከነበረ ለእያንዳንዱ 100 ሚሊሰከንድ ነው የሚደርሰው። ወፍራም ድምፅ ለመነሣት ጊዜ ይፈልጋል። ወደ 8 አውርዱለት፣ እያንዳንዱ 150 ያገኛል። ለአዲሱ ድምፃዊ የድሮውን ግጥም እንዳለ መስጠት አብዛኛው ባንድ የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው።

ጥያቄ፦ በአማርኛ ብላክ ሜታል መጻፍ ይቻላል? ስንጽፍ ያምራል፣ ስንጮኸው ግን ይታነቃል። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ይቻላል። አማርኛ ለዚህ ጩኸት የሚያመቸውም የሚያውከውም ነገር አለው።

ጩኸት የሚሸከመው አፍ የሚከፍት አናባቢ ነው። ራብዕና ሳብዕ ምርጦቹ ናቸው፣ ሳድስ ግን አፍን ይጨምቃል። «ብርድ» የሚለውን ቃል ለ2 ምት ያዙት እስኪ። የምትይዙት አናባቢ የለም፣ የሚወጣው «ርርር» ብቻ ነው። «በረዶ» ካላችሁ ዶ ላይ እስከፈለጋችሁ ትቆያላችሁ። «ሞት» ላይ ሞን ያዙና ትን ከመጨረሻው ስኔር ጋር ጣሏት። ስንኙ ማብቂያ ላይ ሳድስ ከመጣ፣ ቃሉን ወደ መሀል ገፍታችሁ ራብዕ የሚያበቃውን ወደ ዳር አምጡ።

የሚያንቃችሁ ግን ሌላ ነው ብለን እንገምታለን፦ ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ እና ጰ። እነዚህ ሲወጡ ጉሮሮ ለቅጽበት ጥርቅም ይላል። ጩኸቱ ደግሞ የሚኖረው አየሩ ሳይቋረጥ ሲፈስ ነው። «ጥቁር ጭጋግ ቀጠቀጠን» በሚል 8 ቀለም ውስጥ 7 ጊዜ ጉሮሮ ይዘጋል። ወረቀት ላይ ያስፈራል፣ ማይክ ላይ ግን ሳል ነው የሚመስለው። «ጥላው ወረደ በተራራ» ላይ የሚዘጋው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱም መነሻው ላይ። ያንን ጥ ከኪክ ድራሙ (በእግር ከሚመታው ከበሮ) ጋር አጋጥሙት፤ በነፃ የተገኘ ምት ይሆንላችኋል። በባር አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ይብቃ።

ሰምና ወርቅ የሚወድ ገጣሚ ካላችሁ ደግሞ አስጠንቅቁት። ጩኸት ውስጥ መጥበቅና መላላት ይጠፋል። «አለ» ብሎ መናገሩና «አለ» ብሎ መኖሩ አይለይም። ትርጉሙ በመጥበቅ ላይ የቆመ ስንኝ የሚሠራው የታተመ ግጥም አብሮ ከወጣ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ እናት ነኝ። የ17 ዓመት ልጄ የባንድ ድምፃዊ ሆኛለሁ ብሎ በሩን ዘግቶ ይጮኻል፣ ማታ ድምፁ ይዘጋል። ደግሞ ይህ ሙዚቃ ቤተ ክርስቲያን ያቃጠሉ ሰዎች ነው ይሉኛል። እውነት ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ የሰሙት ሐሰት አይደለም። በጁን 1992 በርገን አጠገብ ያለው የፋንቶፍት የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ፣ ሌሎችም ተከተሉ። ከላይ ያነሣነውን ዩሮኒመስን የገደለው ቫርግ ቪኬርኔስ በዚያ ወንጀልና በቤተ ክርስቲያን ቃጠሎ 21 ዓመት ተፈርዶበታል። በ1994ቱ አልበም ላይ ቤዝ የተጫወተውም እሱ ነው፤ ገዳይና ሟች አንድ ቅጂ ላይ አሉ። ይህ ግን የጥቂት ሰዎች ወንጀል እንጂ የዜማው ጠባይ አይደለም። በዚያው 1994 አውስትራሊያዊው ሆርድ በዚሁ ድምፅ የክርስትና አልበም አውጥቷል። ልጅዎ የማንን እንደሚሰማና ግጥሙ ምን እንደሚል ራሱን ይጠይቁት። የሚወደውን ነገር ሲጠይቁት ዝም የሚል ልጅ ብዙ አይደለም።

አሁን ወደ ጉሮሮው። በትክክል የሚጮኽ ሰው ማታ ድምፁ አይዘጋም። ጩኸቱ መነሣት ያለበት ከድምፅ አውታሮቹ ከፍ ብለው ካሉት ሥጋዊ እጥፋቶች ነው፤ ጉልበቱም ከሆድ በሚገፋ ትንፋሽ ይምጣ። አውታሮቹን ራሳቸውን እየፋቀ ከሆነ ያብጣሉ፣ ሲደጋገም እባጭ ሊወጣባቸው ይችላል። መለያው ቀላል ነው፦ ሲጮኽ የሚያቃጥለው ወይም የሚከረክረው ከሆነ ያቁም። ከመጀመሩ በፊት 10 ደቂቃ ቀጭን የመጠጫ ቱቦ አፉ ውስጥ አድርጎ ያንጎራጉር፣ ከታች ወደ ላይ ከላይ ወደ ታች። ለጀማሪ በቀን 20 ደቂቃ ጩኸት ይበቃል። ውኃውን ቀኑን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ ይጠጣ፣ በመጮኺያው ሰዓት የሚጎነጨው ቶሎ አይደርስለትም። የሚያደነዝዝ የጉሮሮ ከረሜላ መጥጦ አይጩኽ፣ ሕመሙን እንጂ ጉዳቱን አያስቀርም። ድምፁ ሲዘጋ በሹክሹክታ ማውራትም አያሳርፍም፤ ዝም ይበል ወይም በቀስታ በተለመደው ድምፁ ያውራ።

መዘጋቱ ከ3 ሳምንት ከዘለቀ የአንገት በላይ ሐኪም ይየው። ደም ካየ፣ ለመዋጥ ካመመው ወይም መተንፈስ ካስቸገረው አንድ ቀን አያሳድር። ሐኪሙ ጋ ሲሄድ «እዘፍናለሁ» ብቻ ብሎ አይተው። በስልኩ የ1 ደቂቃ ልምምዱን ቀድቶ ያሰማው፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚጮኽም ይንገረው።